የሃምሳ አለቃው ወይን

ባለፈው ሰሞን መጋዘኔ ውስጥ አንድ ተሸካሚ የቀይ ወይን ካርቶን ከትከሻው አምልጦት ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ሰውየው ስድብ ሲጠብቅ እኔ አጎንብሼ ሳሸት አየኝና የባሰ ደነገጠ።

«እትዬ የሺ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በል፤ እያሸተትኩ ነው» አልኩት።

ሽታው ልክ ነበር፤ ግን ግማሽ ነው። የጎደለው ግማሽ የወይራ ጭስ ነው። እሱን ደግሞ የትኛውም ፋብሪካ አሽጎ አይሸጥም።

እኔ መጠጥ በጅምላ እሸጣለሁ እንጂ ጠጪ አይደለሁም። የራሱን ዕቃ የሚጠጣ ነጋዴ መጨረሻው ከደንበኛው ጋር ተቃቅፎ መውደቅ ነው። ስለ ወይን የማውቀውን የተማርኩት ገና በልጅነቴ፣ በአንድ በጋ ነው። ያውም የተማርኩት ግማሹን በስህተት ነው።

የተወለድኩት መሐል ሜዳ ነው፤ በግ እንኳ ሱፉን ለብሶ የሚንቀጠቀጥበት አገር። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። የዚያን ዓመት ክረምት የያዘኝ ሳል መስቀል አልፎም አልለቅ አለኝ። ጸበሉም ተሞከረ፣ ዳማከሴውም ተጨመቀ። በመጨረሻ እናቴ «የዚች ልጅ መድኃኒቷ ሙቀት ነው» ብላ ወደ ወንድሟ ሰደደችኝ። ወንድሟ የሚኖረው ከዘመሮ በታች፣ ወደ ወንጪት ወንዝ የሚወርደው ገደል ወገቡ ላይ ነው። ደጋም አይደለም፣ ቆላም አይደለም። እንዲህ ያለውን አገር ወይና ደጋ እንለዋለን። ስሙን ሁላችንም በየቀኑ እንጠራዋለን፤ ወይኑስ የት ገባ ብሎ የጠየቀ ግን ከአጎቴ ሌላ አላውቅም።

አጎቴ ጌታነህ የተበተነው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነበር። ዕድሜውን ኤርትራ ጨርሶ፣ ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ብዙዎቹ በእግሩ ገባ። ሌላው ወታደር ይዞ የመጣው ወይ ቁስል ነው ወይ ሬዲዮ። አጎቴ ግን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ተሸክሞ ነው የደረሰው። መንደሩ በአንድ አፍ «ጠመንጃ ይዞ ገባ» አለ። ታጣቂዎች መጥተው ጆንያውን ቢፈቱት የወጣው ጭራሮ ነው። አንደኛው ታጣቂ ጭራሮውን እያገላበጠ «ይሄ ነገር ይተኩሳል?» ብሎ ጠየቀ።

«ከሦስት ዓመት በኋላ» አለ አጎቴ።

ከረን አካባቢ አንድ ጣልያን ትቶት የሄደውን የወይን እርሻ ሲጠብቅ ቆይቶ ኖሯል። እዚያ የቀሩ ሽማግሌ አተካከሉንም አጠማመቁንም አሳይተውታል። ጭራሮውን ከጓሮው፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ በድንጋይ ካብ በተደገፈች ጠባብ እርከን ላይ ተከለው። ሰው ሳቀ። ሐረጉ ግን ያዘ፤ ካቡን እየጨበጠ ወጣ።

ወረዳው የላከው የግብርና ባለሙያ ደግ ወጣት ነበር። ማዳበሪያ በላስቲክ ቋጥሮ አመጣለት። አጎቴ ጠላ አጠጣው፣ መረቀው፣ ማዳበሪያውን ለሚስቱ ለእትዬ ዘርፌ ሽንኩርት አስረከበ። «ወይን እንደ ወታደር ነው፤ ከጠገበ አይዋጋም» ይል ነበር። ለወይኑ የሚሰጠው የፍየል በጠጥና አመድ ብቻ ነው። መድኃኒት የሚባል አይነካውም። ትሉን ዶሮዎች ይለቅማሉ፤ ዶሮዎቹን ደግሞ ሸለምጥማጥ ይለቅማል፤ እንዲህ እያለ ሁሉም ከዚያች እርከን ቀለቡን ያገኛል።

የእኔ ሥራ ጥበቃ ነበር። ወፉ፣ ሽኮኮው፣ ከገደሉ የሚወጣው ዝንጀሮ ሁሉ የፍሬውን መብሰል ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። አጎቴ ትንሽ ማማ ሠራልኝ፤ ወንጭፍ ሰጠኝ።

«ወታደር የሺ!» ይላል ጠዋት ጠዋት።

«አቤት ጋሼ!»

«በግዳጅ ላይ ጋሼ የለም!»

«አቤት ጌታዬ!»

«ጠላት በየት በኩል ነው?»

«በሾላው በኩል ጌታዬ!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እወነጭፋለሁ። ድንጋዩ ወይ ሾላውን ይስታል ወይ የእትዬ ዘርፌን ጣሪያ ይመታል። እሷ ከውስጥ «ይሄ ሰው ተሸንፎ መጣ ስንል ጦርነቱን ይዞት መጣ!» ብላ ትጮሃለች።

ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሲዞር የእኔ መከራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ወይን የሚባል ነገር የማውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን። እንደ ማንኛውም ሕፃን ቆርቤያለሁ፤ ሥርዓቱን በደንብ አውቃለሁ። የሚቆርብ ሰው እህል ሳይቀምስ ያድራል። ከቆረበ በኋላ አፉን በነጠላ ይሸፍናል። አይተፋም። አንድ ጠዋት፣ ጥሩ አድርጌ ቁርሴን ከበላሁ በኋላ፣ አንዷን ፍሬ ቀጥፌ አፌ ውስጥ አፈነዳኋት። ጣቴን ሳየው ቀይ ነው።

ቆረብኩ! አልኩ በሆዴ። ያውም ጨጨብሳ በልቼ!

ለማን ይነገራል? ሻሽ አፌ ላይ አሰርኩ። መትፋት ተውኩ። ሳል ላለበት ሰው ይህ እንዴት ያለ ፈተና እንደሆነ የሳለ ያውቀዋል፤ የመጣውን ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ እውጣለሁ። እትዬ ዘርፌ አየት ታደርገኝና «ይቺ የደጋ ልጅ ጭራሽ እዚህም በረዳት» ትላለች። መቁረቡ በስንት ቀን እንደሚለቅ አላውቅም፤ ብጠይቅ ይታወቅብኛል። ደግሞም እንዳይለቀኝ የማደርገው እኔው ነኝ፤ በማግስቱ ሌላ ፍሬ እቀጥፋለሁ፣ እንደ አዲስ እቆርባለሁ። ታዲያ መቅመሱን ለምን አልተውሽም ትሉኝ ይሆናል። ጣፋጭ ነበራ!

ጥምቀት ሲቃረብ ወደ እርከኗ አንድ ሽማግሌ መጡ፤ አባባ ሸዋረጋ። የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ናቸው፤ የማኅበሩ ራስ ማለት ነው። አጎቴ ወደዚያ ማኅበር የገባው በስንት አማላጅ ነው። የተሸነፈ ሠራዊት ወታደርን መንደር ወይ ያዝንለታል ወይ ይሸሸዋል፤ አጎቴ ሁለቱም ደርሶበታል። ማኅበሩ ሲቀበለው ግን ሰላምታ የሚሰጠው በዛ፤ ቢታመም ጠያቂ፣ ቢሞት ቀባሪ አገኘ። የየካቲት ሚካኤል ድግስ ደግሞ የእሱ ተራ ነበር፤ የመጀመሪያው።

አባባ ሸዋረጋ በምርኩዛቸው አንዱን ዘለላ ነካ አደረጉ። «ሃምሳ አለቃ፣ ይህን ምን ልታደርገው ነው?»

«እጠምቀዋለሁ አባባ። የማኅበሩ ዕለት ይቀምሱታል። ቀይ ወይን ነው፤ በአሥመራው ወግ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። «እኔ በአንተ ዕድሜ ሳለሁ መንገድ ተዘጋና ዘቢብ ጠፋ። ለመንበሩ የሚቀርብ አንዲት ፍሬ ታጥታ የሚካኤል ቅዳሴ ሲታጎል በዓይኔ አይቻለሁ። ደወሉን ለመደወል ገመዱን የያዘው ሰው ገመዱን እንደያዘ አለቀሰ። አንተ ወይን በደጅህ አብቅለህ ለጉሮሮ?»

«ከኤርትራ ድረስ በትከሻዬ ተሸክሜ ነው ያመጣሁት፣ አባባ።»

«የአምላክን ደም ለማኅበርተኛ ልትቀዳ ተሸከምከው? እንግዲህ በተራህ ዕለት መምሬ ጥበቡ ባሉበት እናየዋለን። ወይን ከሆነ የመንበር ነው። ወይ ሐረጉ ይነቀላል፣ ወይ አንተ ከማኅበሩ ትወጣለህ።»

እኔ ማማዬ ላይ ሆኜ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአምላክን ደም። ሻሼን አጠበቅሁ።

አጎቴ ግን አልፈራም። እትዬ ዘርፌ እንባ እንባ እያላት «ምን ልታደርግ ነው?» ብትለው ደረቱን ነፋ። «ይቅመሱት! ንጹሕ ነገር ራሱ ይመሰክራል። ከወይን በቀር ጠብታ ውሃ እንኳ እንደሌለበት ሲያዩ ያፍራሉ።»

ገበያ ያልዋለ ሰው እንዲህ ነው። የተከሰሰበትን ነገር ራሱ ማስረጃ አድርጎ ያቀርባል።

ከጥምቀት ማግስት ለቀምነው። አጎቴ በእግር ይረገጣል አለ። እትዬ ዘርፌ «ማኅበር የእግርህን እጣቢ አይጠጣም» አለች። በገበቴ አድርገን በእጃችን ጨመቅነው፤ ሦስታችንም እስከ ክርናችን ቀላን። ንብና ተርብ ተሰብስቦ ጓሮው እንደ ማሕሌት ያዜማል። እኔ እጄን ከሰውነቴ አርቄ ይዤ፣ ሰማይ ሰማይ እያየሁ፣ መብረቅ እጠብቃለሁ። ከሰማዩ የመጣው አንድ ጭልፊት ብቻ ነው፤ እሱም ጫጩት ይዞ ሄደ።

ቀጥሎ ክርክሩ በገንቦው ላይ ሆነ። እትዬ ዘርፌ በጠላዋ የታወቀች ናት፤ ገንቦውን በግራዋ ቅጠል አጥባ በወይራ ታጥን ጀመር።

«ጣልያን አያጥንም!» አለ አጎቴ።

«ታዲያ ጣልያኑ አሁን የት አለ?»

ገንቦው ታጠነ።

«ጌሾስ?» አለች።

«ጌሾ? ምን ሆነሻል አንቺ ሴት? ወይን ጌሾ አያውቅም፤ በራሱ ይፈላል።»

«በራሱ የሚፈላ ነገር የለም። ሰው እንኳ ካልነኩት አይፈላም።»

«ዘርፌ! አንዲት ቅጠል እንዳትገባ!»

ጭማቂው ገባ፤ ገንቦው ከጓዳ ተቀመጠ። አጎቴ ለድግሱ የሚያስፈልገውን ለመሸመት ወደ መሐል ሜዳ ወጣ። እሱ በሄደ ማግስት እትዬ ዘርፌ የገንቦውን መክደኛ ከፍታ ጆሮዋን አስጠጋች። እኔም አስጠጋሁ። ፀጥ ብሏል።

«ሬሳ ነው» አለች።

ከገንቦው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። እኔ የመሰለኝ እየጸለየች ነው። ለካ እያሰላች ነበር። ማኅበሩ ባለቤቷን ሊፈርድበት ይመጣል፤ በዚያ ላይ እንደ ሕፃን ሽሮፕ ያለ ያልፈላ ጣፋጭ ውሃ ሲቀዳ፣ የሚነቀለው ሐረጉ ብቻ ሳይሆን የሰውየው ክብር ነው። «ሊዋረድብኝ ነው» አለች፤ ለእኔ አይደለም፣ ለገንቦው። ከዚያ ብድግ ብላ ከጣሪያው የተሰቀለውን ደረቅ ጌሾ አወረደች። ወቀጠችው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጠረችው፣ ወደ ገንቦው ሰደደችው።

«ምላስሽን ሰብስቢ» አለችኝ።

ሰበሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ምስጢር የሚባል ነገር መሆኑም አልገባኝም። ጌሾ የሌለው መጠጥ አይቼ አላውቅማ! ጨው የተረሳበት ወጥ ላይ ጨው ጣል እንደማድረግ ነው የቆጠርኩት።

በማግስቱ ገንቦው ያጉተመትም ጀመር። ያለ ጌሾውም ቢሆን አንድ ቀን ቢታገሡት ይፈላ ነበር፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ጓዳው ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ገብቶ የሚያወራ ነው የመሰለኝ። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር እሳለማለሁ።

አጎቴ ከመሐል ሜዳ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ጆሮውን ገንቦው ላይ ለጠፈ። ፊቱ በራ። «ሰማሽ ዘርፌ? በራሱ!»

«ሰማሁ» አለች፣ ወደ ምድጃው ዞራ።

የማኅበሩ ዕለት ደረሰ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ከቅዳሴ መልስ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ መደቡን ሞላው። መምሬ ጥበቡ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። አጎቴ ቁልፉ የረገፈ የወታደር ካፖርቱን ለብሶ፣ ብርሌ በብርሌ ቀይ ወይን እየቀዳ ደረደረ። ከበሩ የገባው የፀሐይ ጨረር ብርሌዎቹን ሲመታቸው ግድግዳው ሁሉ ቀላ። እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አንድም ሰው እጁን አልዘረጋም።

አባባ ሸዋረጋ ተነሡ። «መምሬ፣ ይፍረዱ። ቃሌን ከጥምቀት በፊት ሰጥቼዋለሁ። ይህ ወይን ከሆነ የመንበር ነው። ይነቀል፤ አለዚያ ይህ ሰው ከማኅበራችን ይውጣ።»

መምሬ ወደ አጎቴ ዞሩ። «ሃምሳ አለቃ፣ ምንድን ነው የገባበት?»

አጎቴ ተረከዙን አጋጨ። «ወይን ብቻ ነው መምሬ! ጠብታ ውሃ የለበትም! ቅንጣት ባዕድ ነገር የለበትም!»

«ይኸው! በገዛ አፉ!» አሉ አባባ ሸዋረጋ።

«እስቲ ረጋ በል፣ ሃምሳ አለቃ» አሉ መምሬ። «ደህና አድርገህ አስታውስ። ሌላ ምንም አልገባበትም?»

ዛሬ ሳስበው መምሬ መውጫ በር እየከፈቱለት ነበር። አጎቴ በሩን መልሶ ዘጋው፤ ቀረቀረውም።

«በሚካኤል ስም እም…»

«አትማል!»

ከጓዳው በር ላይ እትዬ ዘርፌ ናት። ማሰሮ ታቅፋለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «አትማል ሰውዬ፤ ሐሰት ትምላለህ። ጌሾ አለበት።»

ማኅበርተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ምን አለበት?» አለ አጎቴ።

«ጌሾ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። መሐል ሜዳ የሄድክ ጊዜ። ዝም አለብኝ! ምን ላድርግ? በማኅበር ፊት ስታፍር ልይ?»

ሠራዊት ሲሸነፍ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ በአጎቴ ፊት ነው። «ጌሾ?» አለ በቀስታ። «በወይኔ ውስጥ?»

የመምሬ ፊት ግን እንደ መስከረም ማለዳ ፈካ። «ቆይ ቆይ ቆይ። ጌሾ ነው ያልሽው?»

«አዎ መምሬ። ይፍቱኝ።»

«ቆይ፣ መፍታቱ ይደርሳል። እማማ ብርቄ፣ እስቲ ይቅመሱልን።»

እማማ ብርቄ በማኅበሩ ካሉት ሴቶች ታላቋ ናቸው። አማተቡ፣ ብርሌውን ተቀበሉ፣ ጎንጨት አሉ፣ አፋቸው ውስጥ አንከባለሉት። ሁላችንም ጉሮሯቸውን እናያለን። ዋጡ።

«ጌሾ ነው» አሉ። «ያውም በዝቷል። ዘርፌ፣ ምነው እጅሽ ከበደ?»

«ተሰማ?» አሉ መምሬ። «ቅዱስ ቁርባን ጌሾ አያውቅም። ጌሾ የነካው ነገር ቤተ መቅደስ አይገባም። ቤተ መቅደስ የማይገባ ነገር እንዴት የመንበር ይሆናል? ሸዋረጋ፣ ይህ ወይን አይደለም። ይህ ጠላ ነው፤ የወይን ጠላ።»

«ወይን ነው!» አለ አጎቴ።

«አፍህን ያዝ!» አለ ቤቱ ሙሉ ሰው በአንድ ድምፅ።

መምሬ ቀጠሉ። «ስለ ሐረጉ ደግሞ፣ ሸዋረጋ ያሉት እውነት ነው። ዘቢብ ጠፍቶ ቅዳሴ ታጉሏል፤ ያን ዘመን እኔም አልረሳሁትም። እንግዲህ ነቅለነው ማን ይጠቀማል? በየዓመቱ የመጀመሪያው ለቀማ ደርቆ፣ ዘቢብ ሆኖ ለሚካኤል ይግባ። የተረፈውን ዘርፌ ጌሾዋን ትጨምርበት።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ደላላ አይቻለሁ። ሁለቱንም ወገን ሳያከስር እንዲህ የሚያስማማ ግን አልገጠመኝም።

አባባ ሸዋረጋ ምርኩዛቸውን ጨብጠው ቆመው ቀሩ። «በየዓመቱ?» አሉ።

«በየዓመቱ» አለች እትዬ ዘርፌ፣ ባሏ አፉን ሳይከፍት።

«ሳይቋረጥ?»

«እኔ እያለሁ አይቋረጥም፣ አባባ።»

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። የለየላቸው ክፉ ሰው ይመስሉኝ ነበር፤ ለካ ቅዳሴው ዳግም እንዳይታጎል ፈርተው ነው። ቁጭ አሉ፤ ብርሌውንም አነሡ። «እንግዲህ ጠላ ከሆነ…» አሉና ጨለጡት። «ትንሽ ይመራል።» ደግመው አስቀዱ።

ቤቱ ተለቀቀ። ሳቁ፣ ጨዋታው፣ ምርቃቱ ተደባለቀ። አጎቴ ሳይታይ ብርሌውን ይዞ ወጣ። እኔ ሹልክ ብዬ መምሬ እግር ሥር ደረስኩ። ጌሾው አጎቴን አዳነው፤ እኔ ግን ፍሬውን የበላሁት ጌሾ ሳይገባበት ነው።

«መምሬ» አልኳቸው በሻሼ ውስጥ። «ፍሬውን ብቻ የበላ ሰው ቆርቧል?»

«ፍሬውን? ያልተቀደሰበት ፍሬ ምን ያቆርባል? ፍሬ ፍሬ ነው ልጄ፤ ወፍም ይበላዋል።»

«ቁርስ በልቶ ቢሆንም?»

ቁልቁል አዩኝ። ሻሹን አዩት። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ግን እንደ ትልቅ ሰው አክብረውኝ ድምፅ አላወጡም። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«ሂጂ ልጄ፣ ትፊ» አሉኝ።

ወደ እርከኗ ሮጥኩ። አጎቴ ካቡ ላይ ተቀምጦ፣ ያልነካውን ብርሌ እያየ ነው። አላናገርኩትም። ገደሉ ጫፍ ቆሜ ሻሼን ፈታሁና፣ ወደ ወንጪት፣ የከረመውን ሁሉ ተፋሁ።

አጎቴ ቀና ብሎ አየኝ። ብርሌውን አየ። መልሶ እኔን አየ።

«ወታደር የሺ» አለ። «አንቺንም ይህን ያህል መረረሽ?»

«አልቀመስኩትም ጌታዬ።»

ከኋላችን እትዬ ዘርፌ መጥታ ቆማ ኖሯል። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች፤ ታልቅስ ትሳቅ አይታወቅም። አጎቴ ወደ እሷ አልዞረም። ብርሌውን አሸተተ፤ ጎንጨት አለ፤ አፉ ውስጥ ረጅም ጊዜ አቆየው። ዋጠ።

«ዘርፌ።»

«አቤት።»

«ለከርሞ ጌሾውን ቀነስ አድርጊው።»

እሷ እየሳቀች አጠገቡ ካቡ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር። ደግሜ ተፋሁ።